ከቦምብ የተረፈ ድምፅ

ከጅግጅጋ ተነስቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ለአንድ ቀን ሐርጌሳ ጎራ ለሚል ብቸኛ መንገደኛ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የከተማዋን የባህል ማዕከል መደርደሪያዎች እጠቁመዋለሁ። ከ10,000 በላይ ካሴቶች እዚያ አሉ፤ ኡድ በተባለ የሙዚቃ መሣሪያ የታጀበ የፍቅር ዘፈን፣ ግጥም፣ ተውኔት።

እ.ኤ.አ. በ1988 የያኔው የሶማሊያ መሪ የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ፣ የሬዲዮ ሐርጌሳ ሰዎች ቅጂዎቻቸውን ለማዳን መሬት ቆፍረው ቀበሩ፤ ከእነዚያም አንዳንዶቹ በማዕከሉ ካሉት ካሴቶች መካከል ናቸው። በከተማዋ ሐውልት ላይ የተሰቀለው ሚግ የጦር አውሮፕላን የጥፋቱ ምስክር ነው፤ ካሴቶቹ ደግሞ ጥፋቱ ያልደረሰበትን ይመሰክራሉ።

ሶማሊኛ ይፋዊ ፊደል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ እስከዚያ የሕዝቡ ትልቁ መዝገብ አንደበቱ ነበር። እነዚህ ካሴቶች ባይተርፉ የስንቱ ባለቅኔ ድምፅ አብሮት አፈር በገባ! የማዕከሉ ባለሙያዎች ካሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ ቆይተዋል። የቀበሯቸውም የሚንከባከቧቸውም እጆች ይባረኩ።