የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ጥበብና የጌጥ ሥራ

በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር የተወለዱትና በ2004 ዓ.ም. ያረፉት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ፣ ለምሕንድስና ትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተልከው የሥዕልን ጥበብ ተምረው ተመለሱ። ከሸራ ሥዕል ሌላ የመስተዋት ሥዕል፣ ሞዛይክና ሐውልት ሠርተዋል። የሙያው መብዛት ጥበባቸውን በትኖታል የሚል ነቀፌታ ቢነሣ፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ መልስ ይሰጣል። 150 ካሬ ሜትር በሚሆነው ሥራ ላይ የመስተዋቱን ቁራጮች የሚያያይዘው ጥቁር ማያያዣ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዙሪያ የሚሰመረውን መሥመር ተክቶ ቅርጹን አጽንቶታል። በአንጻሩ ያለፈውን፣ የትግሉንና የመጪውን ዘመን የሚተርከው ምሳሌ አንዳንድ ጊዜ ከሥዕሉ ቀድሞ ይናገራል። እንግዲህ ሠዓሊው ይበልጥ የበረቱት ቁሱ ራሱ ወሰን ባበጀላቸው ስፍራ ስለሆነ፣ የጌጥ ሥራቸውን ከሸራው በታች ማስቀመጥ ፍርድን ማጓደል ይሆናል።