ቤት ለእንቦሳ፦ ውዳሴ ለአርቱሮ መዘዲሚ

ከዞብል ተራራ ግርጌ፣ ማሽላው እንደ ሠራዊት በሚሰለፍበት በራያ ቆላ፣ አዲስ ቤት ያለ ምርቃት አይገባበትም። ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ማገሩን ያስራል፣ ሣሩን ይከድናል። ቤቱ ባለቀ ዕለት የሚመጣው ሁሉ ደፉን ሳይረግጥ «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይቀበለዋል። እኔም የቆቦ ልጅ ነኝና በአባቶቼ ቃል እጀምራለሁ። ቤት ለእንቦሳ፣ አርቱሮ መዘዲሚ! ቤት ለእንቦሳ፣ የአፍሪካን አዳራሽ ያቆሙ ታላቅ ሰው!

አንቱ እ.ኤ.አ. በ1922 በኢጣሊያ፣ በሲዬና አጠገብ በፖጂቦንሲ ተወለዱ። ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ ባሕር ተሻግረው አሥመራ ገቡ። በቅየሳና በግንባታ ሙያ ሠልጥነው፣ ሃያዎቹን ዕድሜ በጀመሩበት ሰሞን ለዚያች ከተማ የመዋኛ ገንዳ ሕንፃ ነደፉላት። ከዚያም አዲስ አበባ ጠራችዎ። ሁለቱን ከተሞችዎን የሚያገናኘው አውራ ጎዳና በደሴና በወልድያ አድርጎ፣ የቆቦን ወገብ ይዞ፣ ወደ አላማጣና ወደ ማይጨው የሚዘልቀው ነው። የእርስዎ የሕይወት መንገድና የእኛ መንገድ አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ለማመስገን ባዕድነት አይሰማኝም።

ነገር ግን ያ መንገድ ሌላም ያስታውሳል። ከእኛ በስተሰሜን፣ ከኮረም ማዶ፣ ሐሸንጌ ሐይቅ ተኝቷል። በመጋቢት 1928 ዓ.ም.፣ ከማይጨው ውጊያ በኋላ፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በሚያፈገፍገው ሠራዊት ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነቡት በዚያ ዳርቻ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያ ሠራዊት መካከል ነበሩ። ሩብ ምዕት ዓመት ሳይሞላ፣ እኒያው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነጻነትን ቤት እንዲሠራ የኢጣሊያን ልጅ አዘዙ! ያዘዘውን ልብ አደንቃለሁ፤ የታዘዘውን እጅ ግን አብልጬ አመሰግናለሁ። የአባት ዕዳ በወርቅ አይከፈልም፤ እርስዎ በድንጋይ፣ በብርሃንና በትጋት ለመክፈል ሞከሩ፤ ይህም ለእኔ በቂ ነው።

እንዴት ያለ ቤት ነበር! በአሥራ ስምንት ወር ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት ትይዩ፣ ዛሬም ድረስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በትልቁ መስኮቱ ውስጥ የአንኮበሩ ልጅ አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር በሚሰፋ ባለ ቀለም መስተዋት ላይ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ሣለ። ፀሐይ ስትወጋው ቀዩ፣ ሰማያዊውና ቢጫው ወለሉ ላይ ይፈስሳሉ። አንድ ነደፈ፣ አንድ ሣለ፤ ግድግዳውና መስተዋቱ ግን እንደ መንትዮች ተዋደዱ። ለሌላው ሰው ሥራ ስፍራ የሚለቅ አርክቴክት ብርቅ ነው፤ እርስዎ ለአፈወርቅ የሕንፃዎን ዓይን ሰጡት።

ከዚያ ወዲያ አፍሪካ ወደ ቤቷ ገባች። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ ጣራ ሥር ነው። 32 መሥራች አገሮች! ከእነርሱ ብዙዎቹ ባንዲራቸውን ከሰቀሉ ጥቂት ዓመት ብቻ የሆናቸው ነበሩ። ምንኛ የተባረከ ደፍ ነው፣ እንዲህ ያለ እግር የረገጠው!

ከቸርችል ጎዳና ራስ ላይ የቆመው፣ ባለ ሰዓት ማማው ማዘጋጃ ቤትም የእርስዎ ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ቀና ብሎ ሰዓት ያየበታል፤ አዲስ አበቤው በአዳራሹ ቴያትር ታድሞበታል።

በዚያ ዘመን እንግዳ አናጺ እርስዎ ብቻ አልነበሩም። ስዊድናውያን እ.ኤ.አ. በ1954 በልደታ የሕንፃ ኮሌጅ አቋቁመው ኢትዮጵያዊ ልጆችን ንድፍና ግንባታ አስተማሩ። ለእነርሱም ምስጋና ይገባል፤ እርስዎ ቤት ተከሉ፣ እነርሱ ቤት ሠሪ ተከሉ። እኔ ከሁለቱ አንዱን አላስበልጥም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በሮም አረፉ። አዳራሽዎ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሩን ዳግመኛ ሲከፍት አላዩም፤ መስተዋቱ ግን እንደ ጥንቱ ያበራል።

የቆቦ ልጆች ሆይ፤ የጎሊናን ወንዝ፣ የወልድያን ዳገት አልፋችሁ አዲስ አበባ ስትገቡ፣ ከመስቀል አደባባይ ጥቂት ወደ ላይ ውጡ። ከአፍሪካ አዳራሽ ደፍ ላይ ቆማችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ እንደ አገራችሁ ወግ «ቤት ለእንቦሳ!» በሉ።