ዕድሜን የለካው መስፈርት፦ የ«አይኢሲ 60747-17» ሂሳዊ ዳሰሳ

የከፍተኛ ቮልቴጅ መለኪያ የሚሠራ መሐንዲስ ዲጂታል አይሶሌተር (ሁለት ወረዳዎችን በኤሌክትሪክ ለይቶ በመካከላቸው ሲግናል የሚያሻግር ቺፕ) ሲመርጥ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው «5000 ቮልት» በሚለው ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ የአንድ ደቂቃ ፈተና ውጤት ነው፤ ዕቃው ለዓመታት ስለሚሸከመው ቮልቴጅ አይናገርም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው «አይኢሲ 60747-17» ይህን ክፍተት ሊሞላ ተነሣ፤ በዋናው ዓላማው ተሳክቶለታል።

ሰነዱ የሚመለከተው በማግኔትና በካፓሲተር ሲግናል የሚያሻግሩትን አይሶሌተሮች ነው፤ በብርሃን የሚያሻግረው ኦፕቶካፕለር የራሱ መስፈርት አለው። መዋቅሩ ከብያኔ ወደ ገደብ፣ ከገደብ ወደ ፈተና ይፈስሳል። የሰነዱ ልብ የዕድሜ ፈተናው ነው። ከኦፕቶካፕለር የተወረሰው የፓርሻል ዲስቻርጅ ፈተና በኢንሱሌሽኑ ውስጥ የተደበቀን የአየር ቀዳዳ ያጋልጣል እንጂ፣ በቺፑ ውስጥ የሚለየው ስሱ የሲሊከን ዳይኦክሳይድ ንጣፍ በቮልቴጅ ጫና ሥር እንዴት እንደሚያረጅ አያሳይም። በዚህ መስፈርት ግን ናሙናዎች በላቀ ቮልቴጅ እስኪበሱ ይፈተኑና ውጤቱ ወደ ሥራ ቮልቴጁ ተሰልቶ ይወርዳል። ለሬንፎርስድ (ለተጠናከረ) ኢንሱሌሽን ቢያንስ 20 ዓመት፣ ከሚሊዮን ከአንድ ያልበለጠ ብልሽት፣ በዚያ ላይ 20 በመቶ የቮልቴጅ ትርፍ ይጠየቃል። «አስተማማኝ» የሚለውን ልቅ ቅጽል ሊመረመር ወደሚችል ቁጥር መለወጥ ታላቅ ሥራ ነው።

ቋንቋው ግን አንባቢን ያደክማል። የቮልቴጆቹ ምልክቶች በአንድ ሁለት ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ አንዱ በፒክ (በሞገዱ ጫፍ)፣ ሌላው በአርኤምኤስ (በውጤታማ ዋጋ) ይነገራል። 1500 አርኤምኤስና 2121 ፒክ አንድ የሳይን ሞገድ መሆናቸውን ልብ ያላለ ዕቃውን ከአቅሙ በላይ ይገምታል።

ከባዱ ጉድለት በፓኬጁ ገጽ ላይ ነው። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ አይኤስኦ7741 በሰፊው ፓኬጅ 1500 ቮልት የሥራ ቮልቴጅ ይፈቀድለታል፤ በፕላስቲኩ ገጽ ላይ በሁለቱ ወገን ፒኖች መካከል ያለው ርቀት ግን 8 ሚሊሜትር ነው። የኢንሱሌሽን ርቀቶችን በሚወስነው በ«አይኢሲ 60664-1» ሠንጠረዥ፣ ፕላስቲኩ ከምርጡ ምድብ ቢሆን እንኳ፣ በሁለተኛ ደረጃ ብክለት ይህ ርቀት ለሬንፎርስድ ኢንሱሌሽን የሚበቃው እስከ 800 ቮልት ነው። ቺፑ የሚችለውን ገጹ ይከለክለዋል ማለት ነው። በፒኖቹ መካከል በአየር ውስጥ የሚለካው ርቀት ስሌትም እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ይሠራል፤ ለ3000 ሜትር በ1.14 ይባዛል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናትና ይህ ለእኛ የግርጌ ማስታወሻ አይደለም። መስፈርቱ ይህን ሁሉ ለሌላው ሰነድ መተዉ በሕግ አርቃቂ ዓይን ትክክል ነው፤ ለመራጩ ግን አንድ የተሠራ ምሳሌ ሊጨምርለት ይገባ ነበር።

ስለዚህ ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አንብቡ፤ ንድፋችሁንም ከሁለቱ ባነሰው ቁጥር ላይ መሥርቱ።