ማንጋኒዝ ብረት ፈሪ እጅ አይወድም

ክሬሸር ውስጥ ባዛልት የሚፈጨው ማንትል አዲስ ሆኖ ቶርኖ ላይ ሲወጣ ያታልላል። ሞረድ ይይዘዋል። ጥንካሬው ሲለካ 200 ብሪኔል አካባቢ ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ቶርኖ ቤት በየቀኑ የሚልጠው ብረት ጥንካሬ ነው። ማንትሉ ግን ማንጋኒዝ ብረት ነው። ሮበርት ሃድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1882 ሼፊልድ ውስጥ የደረሰበት ይህ ብረት 12 በመቶ ያህል ማንጋኒዝና 1 በመቶ ያህል ካርቦን አለው፤ ጠባዩ የሚለወጠው ሲደበደብ ነው። ድንጋይ ሲወርድበት ቆዳው ከ500 ብሪኔል ያልፋል፤ ውስጡ ግን እንደነበረ ስለሚቆይ አይሰነጠቅም።

ችግሩ፣ ድንጋይን ከመቁረጫ ለይቶ አያውቅም። መቁረጫው ሳይቆርጥ ካሻሸው፣ የታሸው ቦታ ይጠነክራል፤ ቀጣዩ ዙር የሚያርፈውም እዚያው ቅርፊት ላይ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ሠራተኛ «እየተጠነቀቅኩ ነው» ብሎ በስሱ ሲልጥ ሳይ፣ ጨምር እለዋለሁ። የመቁረጫው አፍ ከጠነከረው ሽፋን ሥር መግባት አለበት፤ ፍጥነቱ ዝቅ ይበል እንጂ ፊዱ (የመቁረጫው ግስጋሴ) አይቋረጥ። መሀል ላይ ፊዱን አቁሞ ሥራውን ማሽከርከር ደግሞ በገዛ እጅ መከራ መጥራት ነው። (ማሽኑ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ይህ ሁሉ ምክር ከንቱ ነው።) ሙቀትም ይጨመርበታል፦ ማንጋኒዝ ብረት ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ደካማ በመሆኑ ግለቱ መቁረጫው አፍ ላይ ይከማቻል።

የማንትሉ መቀመጫ እንዲያበራ አልደክምም፤ በደንብ ገጥሞ ከተቀመጠ ይበቃዋል።

በእሳት ጠንክሮ 60 ሮክዌል የደረሰ ዘንግ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሱን በቦሮን ናይትራይድ መቁረጫ ስንልጠው ፊቱ እንደ መስታወት ይወጣል፤ ደንበኛውም መልኩን አይቶበት ይደሰታል። መቁረጫው ተበልቶ ከነበረ ግን፣ ግለቱና ጫናው ከዚያ ብርሃን ሥር ጥቂት ማይክሮን የሆነ ሽፋን ፈጥረዋል። ቁራጭ ወስደው አለስልሰው አልኮል ውስጥ በተበረዘ ናይትሪክ አሲድ ቢያጥቡት፣ ሌላው ሲጠቁር እሱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጠንካራ ነው፣ ግን ተሰባሪ፤ ብዙ ጊዜም ቆዳውን የሚወጥር ጉልበት ተቀብሮበታል። ኩሽኔታ ሲንከባለልበት ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የሻካራነት መለኪያው መርፌ ይህን አያየውም፤ እሱ የሚቆጥረው ጉብታና ጉድጓድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልኩን ከማንበቤ በፊት መቁረጫውን አውጥቼ በማጉያ አየዋለሁ። የአፉ ጎን 0.2 ሚሊሜትር ያህል ተበልቶ ካገኘሁት፣ ዘንጉ የቱንም ያህል ቢያበራ የመጨረሻውን ዙር በአዲስ አፍ እደግመዋለሁ፤ ለዚህ የሚሆን ትርፍ ብረትም ከመነሻው እተዋለሁ። የአዲሱ አፍ (የኢንሰርቱ) ዋጋ ክርክር ያመጣል፤ ሥራውን ከመቀበሌ በፊት ሒሳብ ውስጥ አስገባዋለሁ።