ድል አድራጊው ለምን ካሣ ከፈለ?
የሄይቲ ነፃነትና የ1825ቱ ድንጋጌ፦ ሂሳዊ ዳሰሳ

የሄይቲ አብዮት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው በድል ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1791 በኋላ ሄይቲ በተባለችው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት፣ በሰሜን ሴን ዶማንግ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ላይ ባሮች ያቀጣጠሉት አመፅ በቱሴን ሉቨርቱር መሪነት ወደ ሠራዊትነት አደገ። ቱሴን በፈረንሳይ እስር ቤት ቢሞትም፣ ትግሉን የቀጠለው ዣን ዣክ ደሳሊን የናፖሊዮንን ጦር በኖቬምበር 1803 ቨርቲየር ላይ ድል ነሥቶ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ነፃነትን አወጀ። በእኔ አመለካከት ግን የዚህን ድል ዕጣ የወሰነው ከ21 ዓመት በኋላ የተጻፈ ሦስት አንቀጽ ብቻ ያለው ሰነድ ነው።

የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል አሥረኛ በኤፕሪል 1825 ያወጣው ድንጋጌ የአንቀጾቹ ቅደም ተከተል ራሱ ብዙ ይናገራል። አንቀጽ አንድ በፈረንሳይ ንግድ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ በግማሽ ይቀንሳል። አንቀጽ ሁለት ለቀድሞ ባለርስቶች ካሣ የሚሆን 150 ሚሊዮን ፍራንክ በአምስት ዓመት እንዲከፈል ያዛል። ነፃነት የሚመጣው በሦስተኛው አንቀጽ ነው፤ ያውም «በእነዚህ ቅድመ ሁኔታዎች» ተብሎ። ሄይቲ የሚለው ስም በአንቀጾቹ ውስጥ የለም፤ ሕዝቡ የተጠራው የሴን ዶማንግ የፈረንሳይ ክፍል ነዋሪ ተብሎ ነው።

የሄይቲው ፕሬዚዳንት ዣን ፒየር ቧዬ ይህን ድንጋጌ የተቀበለው የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ፖርቶ ፕራንስ ደጃፍ ላይ ቆመው ነው። ሆኖም ጉዳዩን በመድፍ ብቻ ማስረዳት አይበቃም። ሄይቲ በዲፕሎማሲ ተገልላ ነበር፤ አሜሪካ እንኳ ዕውቅና የሰጠቻት በ1862 ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ከፓሪስ ባንኮች በተገኘ 30 ሚሊዮን ፍራንክ ብድር ተጀመረ፤ እጅ የገባው ግን 24 ሚሊዮን ብቻ ነበር። በ1838 ጠቅላላ ካሣው ወደ 90 ሚሊዮን ቢወርድም ሸክሙ ቡና አምራቹ ገበሬ ላይ ወደቀ። የቧዬ መንግሥት በ1826 ያወጣው የገጠር ሕግም ገበሬውን ከእርሻ ሥራው ጋር አሰረው። ስለዚህ የውጭው ጫናና የአገር ውስጥ ገዢዎች ምርጫ አብረው መመርመር አለባቸው።

ዐድዋ እዚህ ላይ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በተፈረመው የአዲስ አበባ ውል ጣሊያን የውጫሌን ውል ሽራ የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት ተቀበለች፤ ለምርኮኞቹ ማቆያ የወጣውንም ወጪ የከፈለችው እሷው ናት። ምኒልክ ምርኮኞቹን ይዘው ተደራደሩ፤ በዚያውም ዓመት ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ ጋር ተዋዋሉ። ኤርትራ በጣሊያን እጅ መቅረቷ ደግሞ የዐድዋንም ድል ከውሉ ነጥሎ መመዘን እንደማይቻል ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1935 ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር፣ የሄይቲው ልዑክ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሞር ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ፣ የኢትዮጵያ ዕጣ ነገ የማንም ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀ። ኔሞር ስለ ቱሴን የጻፈ የታሪክ ሰው ነበር፤ የትንሽ አገር ነፃነት በኃያላን ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚያስከፍል የአገሩ ታሪክ አስተምሮታል።

የጥቁር ሕዝቦችን ታሪክ የምናስተምርና የምንጽፍ ሁሉ ከጦር ሜዳው ውሎ ጎን ውሎቹንና የዕዳ ሰነዶቹን አንቀጽ በአንቀጽ እናንብብ። የሄይቲን ድህነት ሳይጠቅሱ የማያልፉም የ1825ቱን ድንጋጌ አብረው መጥቀስ ይገባቸዋል።