ስሙ የቀረው ጣቢያ

ለገሃር ሲሉት ለጆሮ እንደ ለገጣፎና እንደ ለገዳዲ የወንዝ ስም ይመስላል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» አሉ፤ «ጣቢያው» ማለታቸው ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ቃሉን ተቀብሎ በራሱ አፍ አላመደው። የጣቢያው ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ከውጭ የመጣ ነገር በአገልግሎት ብዛት የእኛ ሆነ።

ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ቸርችል ጎዳና ግርጌ የቆመው ሕንፃ የተመረቀው በ1929 ነው። ያኔ ስፍራው የከተማ ዳር ነበር፤ ከተማዋ ከፒያሳ ቁልቁል ወርዳ ደረሰችበት። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1936 ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ መስመር ነው። ከጣቢያው ፊት በ1930 የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት እንኳ መንገደኛ ነበር፤ ጣሊያኖች ነቅለው ሮም ወሰዱት፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ተመለሰ።

ዛሬ ግን ለገሃር የሚደርስ መንገደኛ ከባቡር አይወርድም። አሮጌው መስመር ከአዲስ አበባ በኩል ዝም ብሏል። በ2016 የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር መነሻው ፉሪ ለቡ ነው፤ ጣቢያው እንደገና ከተማ ዳር ወጣ ማለት ነው። በ2018 ደግሞ ለለገሃር አካባቢ ታላቅ የግንባታ ዕቅድ ይፋ ሲሆን፣ አሮጌው ሕንፃ በቅርስነት እንደሚጠበቅ ተነገረ።

መጠበቁ ደግ ነው። ይሁን እንጂ ምን እንደምንጠብቅ እንጠይቅ። የፊት ለፊቱን ግድግዳ ቀብተን፣ በሰማይ ጠቀስ ፎቆች መካከል እንደ ጌጥ ብናስቀምጠው፣ የጠበቅነው ፎቶግራፍ ነው። ጣቢያን ጣቢያ ያደረገው ድንጋዩ ብቻ አልነበረም። ሐዲዱ፣ የዕቃ መዝገቡ፣ የቲኬቱ መስኮት፣ ፈረንሳይኛውን ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛና ከሶማሊኛ ጋር ቀላቅሎ የሚሠራው የምድር ባቡር ሠራተኛ ጭምር ነው። ሕንፃ መቶ ዓመት ቢጠብቅ ይጠብቃል፤ የጡረተኛ ትዝታ ግን ቀጠሮ አያከብርም።

ስለዚህ ከዕቅዱ የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ጥቂት ሜትር ሐዲድ በቦታው ይቅር። የሠራተኞቹ ቃል ሳይዘገይ ይቀዳ፤ መዛግብቱም ለተመራማሪ ይከፈቱ። ከሁሉም በላይ፣ የቡና ዋጋ ሳይጠየቅ ማንም ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ይኑረው። «ላ ጋር»ን ለገሃር ያደረገው ቅርስ አስጠባቂ ሳይሆን፣ ሻንጣውን ተሸክሞ በዚያ በር የገባና የወጣ ሕዝብ ነው። በሩ ከተዘጋበት፣ ስሙም ውሎ አድሮ እውነትም የደረቀ ወንዝ ስም ይሆናል።