ሦስት ኤፌክት፣ አንድ እግር፦ «ላይቭ አት ፖምፔይ»ን በጊታሪስት ዓይን

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1971 በጣሊያን፣ ፖምፔይ ፍርስራሽ ውስጥ ባለው የሮማውያን አምፊቲያትር ያለ ታዳሚ ተጫወተ። ኤድሪያን ማቤን ያዘጋጀው ፊልም በ1972 ለእይታ በቃ፤ በ2025 ደግሞ ምስሉ ታድሶ፣ ድምፁም በስቲቨን ዊልሰን እንደ አዲስ ተቀናብሮ ወደ ሲኒማ ተመለሰ። መልቲ ኤፌክት ፔዳል (ብዙ ኤፌክት በአንድ ሳጥን) ይዞ መድረክ ለሚወጣ ሙዚቀኛ ሁሉ ይህን ፊልም እንዲያይ እመክራለሁ።

የፊልሙ ትልቁ ብርታት መሣሪያውን አለመደበቁ ነው። ካሜራው በአምፕሊፋየሮቹና በስፒከሮቹ ጀርባ ቀስ እያለ ሲያልፍ ሙዚቃው ከየት እንደሚመጣ ያሳየናል። የባንዱ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር በጊዜው የሚመካባቸው ኤፌክቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፦ ድምፁን የሚያሻክረው ፈዝ፣ በእግር የሚረገጠው ዋህ እና ቢንሰን ኤኮሬክ። ኤኮሬኩ በቴፕ ፈንታ በሚሽከረከር ማግኔታዊ ከበሮ ላይ ድምፅ ቀድቶ መልሶ የሚያሰማ የጣሊያን ሥሪት ነው። የዛሬው የመልቲ ኤፌክት ሳጥን በመቶ የሚቆጠር ድምፅ ይዞ የማይሰጠውን ስፋት ጊልሞር በእነዚህ ያገኘው ምን ያህል እንደሚረግጥና መቼ እንደሚተው ስለሚያውቅ ነው።

«ኤኮስ» በተባለው ዘፈን መሃል ላይ የሚሰማው የባሕር ወፍ የመሰለ ጩኸት በጥቂት መሣሪያ ብዙ መሥራት እንደሚቻል ጥሩ ማስረጃ ነው። ይህ ድምፅ የተገኘው የዋህ ፔዳሉ መግቢያና መውጫ ጃክ በስህተት ተገላብጦ በመሰካቱ ነው። ጊታሪስቱ ስህተቱን አላረመም፤ ፔዳሉንና የጊታሩን ቁልፎች እያዟዟረ ጩኸቱን መግራት ተማረ። በመልቲ ኤፌክት ውስጥ ዋሁ ሶፍትዌር ስለሆነ የሚገለበጥ ጃክ የለውም። ድምፁን አስመስሎ መጫን ይቻል ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ግኝት ግን ፋብሪካ አዘጋጅቶ የሚሸጠው አይደለም።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። «ዋን ኦቭ ዚዝ ዴይስ» የተባለው ዘፈን ከተቀረጸ በኋላ የፊልሙ ጥቅልል በመጥፋቱ ከሞላ ጎደል የምናየው ከበሮ መቺውን ኒክ ሜሰንን ብቻ ነው። ዱላው ከእጁ ሲያመልጥ ምት ሳያጎድል ሌላ ማንሳቱ ደስ ቢልም፣ የጊታሩን ሥራ ማየት ለፈለገ ግን ኪሳራ ነው። ከፊልሙ ዘፈኖች ከፊሎቹ ፓሪስ ስቱዲዮ ውስጥ መቀረጻቸውም የቦታውን ስሜት ይሰብራል። ከሁሉ በላይ ግን ታዳሚ የለም። የመድረክ ፈተና ጫጫታው፣ ጨለማው፣ በሁለት ዘፈኖች መሃል ያለችው አጭር ጊዜ ነው፤ ፔዳል ረግጦ መሳት የሚያስቀጣውም እዚያ ነው። ጊልሞር በ2016 ወደዚያው አምፊቲያትር ተመልሶ በተመልካች ፊት ስለተጫወተ፣ ሁለቱን ቀረጻ አጣምሮ ማየት ይበጃል።

ፊልሙ እንደ ኮንሰርት ጎዶሎ ነው፤ እንደ ኤፌክት አጠቃቀም ትምህርት ግን ተወዳዳሪ የለውም። መልቲ ኤፌክት ያላችሁ ሳጥኑን አትጣሉት፤ ተሸክሞ ለመሄድም ለኪስም ይቀላል። ለመድረክ ግን ሦስት ወይም አራት ድምፅ ምረጡ፤ እግራችሁ ሳታዩት እስኪያገኛቸው ተለማመዱባቸው፤ የቀረውን ለቤት ተዉት።